የቆዳ መንገድ፦ ከመርሳ እስከ ወልድያ

ከደሴ ተነሥቶ ወደ ሰሜን የሚጓዝ መንገደኛ ሐይቅንና ውጫሌን አልፎ ወደ ውርጌሳ ሲያቆለቁል ጋቢውን ያወልቃል። ደጋው ከኋላው ቀርቷል፤ ከፊቱ የሀብሩ ሜዳ ተዘርግቷል። ከደሴ 90 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ከምዕራቡ ተራራ የሚወርደው ውሃ ሜዳ ላይ ደርሶ ጉልበቱ በሚላላበት ቦታ፣ መርሳ ትገኛለች። መኪና ሲቆም ማንጎና ፓፓያ የያዙ ሻጮች መስኮት ሥር ይሻማሉ። ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ሲጨመር ወልድያ ነው።

አብዛኛው ሰው ሁለቱንም ከተሞች የሚያውቃቸው በማለፊያነት ነው። ላሊበላ የሚሄደው ወልድያ አድሮ በማለዳ ይወጣል፤ ወደ ቆቦና አላማጣ የሚዘልቀው ምሳውን በልቶ ይቀጥላል። መርሳ ደግሞ ፍራፍሬ ተገዝቶባት ትታለፋለች። የታሪክ መጻሕፍትም ከመንገደኛው ብዙ አይሻሉም። ስለ የጁ መሳፍንት ይተርካሉ፣ ስለ ውጫሌ ውል ይከራከራሉ። መሳፍንቱ ግብር የሚያበሉበት ሀብት በየትኛው በር እንደገባ፣ በቅሎው ላይ ምን እንደተጫነ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

ጭነቱ ብዙ ዓይነት ነበር፦ አሞሌ ጨው፣ ጥጥ፣ እህል፣ ማርና ሰም፣ ከሩቅ ደቡብ የመጣ ዝባድና የዝሆን ጥርስ። እህሉ የሚሞላው በስልቻ፣ ጭነቱ የሚታሰረው በመጫኛ፣ ነጋዴው የሚያድረው በቁርበት ላይ ነበር። ሦስቱም ቆዳ ናቸው። በዚህ አገር ቆዳ ሸቀጥ ከመሆኑ በፊት የንግዱ ሁሉ ተሸካሚ ነበር፤ ከዚያ የውጭ ምንዛሪ ምንጭ ሆነ፤ ዛሬ ደግሞ በበዓል ማግስት ቦይ ውስጥ የሚጣል ቆሻሻ ሆኗል። የመርሳንና የወልድያን ያለፈ ዘመን በእነዚህ ሦስት እርከኖች ማንበብ ይቻላል።

በሌላው ዓለም እንዲህ ያለ ታሪክ ያላቸው ከተሞች ይኮሩበታል። እ.ኤ.አ. በ1670 በእንግሊዝ ንጉሥ ቻርተር የተቋቋመው የሃድሰን ቤይ ኩባንያ በካናዳ ወንዞች ዳርና አፍ ላይ የንግድ ጣቢያዎች ተክሎ፣ ቢቨር የሚባለውን የውሃ እንስሳ ጸጉር ከአዳኞች እየገዛ ለአውሮፓ ባርኔጣ ሠሪዎች ያቀርብ ነበር። ከእነዚያ ጣቢያዎች አንዳንዶቹ ዛሬ ከተማ ናቸው፤ የድሮውን መጋዘን አድሰው፣ የሒሳብ መዝገቡን በመስተዋት ውስጥ አስቀምጠው ጎብኚ ይቀበላሉ። በሰሜን ወሎ ኩባንያም ምሽግም አልነበረም። ሒሳቡ በነጋዴው ጭንቅላት ውስጥ ነበርና ከነጋዴው ጋር ተቀበረ።

ነገሩን ለመረዳት መጀመሪያ መልክዓ ምድሩን ማየት ይገባል። ሀብሩ በደቡብ በሚሌ ወንዝ፣ በሰሜን በአላ ውሃ፣ በምሥራቅ በአፋር ክልል የተከበበ ወረዳ ነው። ወንዞቹ ከምዕራቡ ሰንሰለታማ ተራራ ተነሥተው በስተምሥራቅ ወደ አፋር ቆላ ይፈስሳሉ። ገብስና በግ ካለበት ውርጭ አገር፣ ጤፍና ማሽላ በሚበቅልበት ወይና ደጋ በኩል፣ ፍየልና ግመል እስከሚሰማራበት በረሃ ያለው ርቀት በእግር ቢበዛ የሁለት ቀን መንገድ ነው። ደገኛው ባቄላውን፣ ገብሱንና የበግ አጎዛውን ይዞ ይወርዳል፤ ቆለኛው ፍየሉን፣ ቅቤውንና ጨዉን ይዞ ይወጣል። መገናኛቸው ከተራራው ግርጌ፣ ውሃ ባለበት ቦታ ነው። መርሳና ወልድያ የተቀመጡት እዚያው ላይ ነው።

ይህ ልውውጥ ምን ያህል እንደቆየ ከሚመሰክሩት አንዱ ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ነው። እ.ኤ.አ. በ1520 ምጽዋ ከወረደው የፖርቱጋል መልእክተኛ ቡድን ጋር ትግራይን አቋርጦ ወደ ዓፄ ልብነ ድንግል ሲጓዝ በዚህ ተረተር ሥር አልፏል። የዛሬው የራያና የየጁ አገር በዚያን ጊዜ አንጎት ተብሎ ይታወቅ ነበር። አልቫሬዝ ከአንጎት በስተሰሜን፣ በዶባ ሕዝብ ወሰን ላይ፣ ማናደሌ የምትባል የእስላሞች ከተማ አገኘ። ከጅዳ፣ ከሞሮኮ፣ ከቱኒስ፣ ከካይሮ፣ ከሆርሙዝና ከህንድ ሳይቀር የመጡ ነጋዴዎች የሚገናኙባት ትልቅ ገበያ እንደነበረች ጽፏል። ባሕር በሌለበት ተራራ ሥር የወደብ ያህል ሸቀጥ ማየቱ ሳይደንቀው አልቀረም። በአንጎት ደግሞ ሰዉ የሚገበያየው በአሞሌ ብቻ ሳይሆን ተቀጥቅጦ በተሠራ ብረትም እንደነበር ይነግረናል። መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1540 ሊዝበን ላይ ታተመ።

አሞሌው የሚመጣው ከአፋር የጨው ሜዳ፣ ከአርሆ ነበር። እንደ ጡብ ተጠርቦ በግመልና በበቅሎ ደጋ ይወጣል፤ ከምንጩ በራቀ ቁጥር ዋጋው ይጨምራል፤ ጎጃምና ከፋ ሲደርስ ደህና ገንዘብ ነው። ከ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ የማሪያ ቴሬዛ ጠገራ ብር ተጨመረበት። ያም ሆኖ ለአንድ ዶሮ ወይም ለአንድ ቁና እህል ብር የሚመነዝር ስለሌለ፣ የአሞሌ ገንዘብነት እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን ዘለቀ። የአፋር ጨው ዛሬም ይህን አገር አልለቀቀም። ልዩነቱ ከአፍዴራ በጆንያ ተሞልቶ በከባድ መኪና መምጣቱ ነው።

ወደ ቆዳው እንመለስ። ባለፈው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ የአንድ የየጁ ገበሬ ቤት ቢፈተሽ ከእንጨት፣ ከሸክላና ከሣር ቀጥሎ በብዛት የሚገኘው ቆዳ ነው። የመኝታው ምንጣፍ የበሬ ቁርበት ወይም ጀንዴ ነው፤ የአልጋው መወጠሪያ ጠፍር ነው። እንግዳ የሚቀመጥበት አጎዛ፣ ሼኹ የሚሰግዱበት ለስላሳ ቆዳ፣ የቆሎ ተማሪው የሚደርበው ደበሎ፣ ሞፈሩን ከቀንበር የሚያስተሳስረው ምራን፣ የበሬው ጅራፍ፣ የልጅ ማዘያው አንቀልባ፣ እህል የሚቋጠርበት ስልቻና አቅማዳ። ያገራችን ሰው ልዩነት ለሌላቸው ሁለት ነገሮች «ስልቻ ቀልቀሎ፣ ቀልቀሎ ስልቻ» የሚለው ሁለቱም የፍየል ቆዳ መሆናቸውን አሳምሮ ስለሚያውቅ ነው።

ስልቻ ሲዘጋጅ ፍየሏ የምትገፈፈው ሆዷ ሳይሰነጠቅ፣ ቆዳው እንደ ከረጢት ሳይቀደድ እንዲወጣ ተደርጎ ነው። ይህ የባለሙያ እጅ ይፈልጋል። ለቁርበትና ለጀንዴ የሚሆነው የበሬ ቆዳ በችካል ተወጥሮ ይደርቃል፤ ሥጋና ስብ የቀረበት ወገን በመፋቂያ ይጠረጋል። ማልፊያው ከደጅ የሚለቀም ነው፦ የእንቧይ ፍሬ፣ የግራር ልጥ፣ ለማለስለሻ የተወቀጠ ጉሎ ወይም ተልባ። ቀይ ቀለም ሲፈለግ ቀንጥፋ አለ። ከዚያ ቀኑን ሙሉ መርገጥ፣ ማሸት፣ መጠቅለል፣ እንደገና መርገጥ ነው። ያለ ፋብሪካ ኬሚካል የሚለፋ ቆዳ የሰው ጉልበት እንጂ ሌላ ብዙ ወጪ አልነበረበትም።

ጉልበቱን የሚያፈሰው ሰው ግን አልተከበረበትም። ቆዳ የሚያለፋው «ፋቂ» እየተባለ ይሰደባል፤ ከእርሱ ጋር መጋባትም ሆነ በአንድ ማዕድ መብላት የሚጠየፍ ብዙ ነበር። ዓፄ ምኒልክ ሸማኔውን፣ ቀጥቃጩንና ፋቂውን በሥራው የሚሰድብ እንዲቀጣ አዋጅ እስከማስነገር ደርሰዋል፤ አዋጁ የተነገረበት ምክንያት ራሱ ችግሩ የት እንደደረሰ ያሳያል። በስልቻው የሚነግደው ነጋዴ ሲከብር፣ በቁርበቱ የሚተኛው ጌታ ሲታፈር፣ ሠሪው ስሙ ሳይጻፍ ቀረ። ከዚህ ንግድ ሁሉ ትልቁ ግፍ ይህ ነው ቢባል የሚያስቸግር አንድ ሌላ ግፍ ብቻ ነው፤ እርሱም ወደ ኋላ ይመጣል።

ጸጉር ያለው ቆዳ ደግሞ የማዕረግ ልብስ ነበር። የአንበሳ ጎፈርና የነብር ለምድ በጦር ሜዳ ጀብዱ ለሠራ የሚሰጡ ሽልማቶች ነበሩ። ለምዱ እየቆየ በሐርና በከፋይ መሠራት ሲጀምር እንኳ ጫፎቹ እንደ አውሬ እግር ተንጠልጥለው እንዲቀሩ ይደረግ ነበር። አውሮፓዊው ባላባት በቢቨር ባርኔጣ እንደሚኮራው ሁሉ የጁዬው መኰንን በለምዱ ይኮራ ነበር ማለት ነው። የሚለየው፣ እዚህ ለምድ ከገበያ ተገዝቶ የሚለበስ ሳይሆን ከጌታ እጅ የሚጠበቅ መሆኑ ነው።

የየጁ ጌቶች በዚያ ዘመን ተራ ጌቶች አልነበሩም። ከዚህ አገር የወጣው የወረ ሼህ ዘር ከቀዳማዊ ራስ ዓሊ እስከ ዳግማዊ ራስ ዓሊ፣ በዘመነ መሳፍንት የጎንደርን ዙፋን ከጀርባ ሆኖ ይገዛ ነበር። ነገሥታቱን የሚያነግሡትም የሚያወርዱትም እነርሱ ነበሩ። መቀመጫቸው በኋላ ደብረ ታቦር ሆነ፤ የጁ ግን የትውልድ አገራቸውና የጦራቸው ምንጭ ሆና ቀረች። የዚህን ሁሉ ወጪ ከሚሸፍኑት አንዱ በየወንዙ መሻገሪያና በየበሩ የተተከለው ኬላ ነው።

ሲራራ ነጋዴ ኬላን የሚያውቀው በምሬት ነው። ቅፍለቱ መንገድ ሲጀምር ነጋድራሱ ፊት ይወጣል። አንድ ወንዝ ሲሻገሩ ቀረጥ፣ ተራራ ሲወጡ ቀረጥ፣ የሌላ ጌታ ግዛት ሲገቡ ደግሞ ሌላ ቀረጥ ነው። ስለዚህ ብቻውን የሚነግድ የለም፤ አሥርም ሃያም ሆነው፣ ጦርና ጋሻ ይዘው፣ ክረምት ሲመጣ ወንዙ እስኪጎድል አንድ ቦታ ሰፍረው ይከርማሉ። ከእነርሱ መካከል ብዙዎቹ ሙስሊሞች ነበሩ። ወደ ባሕር የሚወስዱት መንገዶች ከአንድ በላይ ነበሩ፤ አንዱ በትግራይ አድርጎ ምጽዋ፣ ሌላው በአውሳ አቋርጦ ታጁራ ይወርዳል።

በእነዚህ መንገዶች የተነዳው ከብትና የጭነት አጋሰስ ብቻ አልነበረም። ከደቡብና ከምዕራብ የተፈነገሉ ሰዎች፣ አብዛኞቹ ልጆችና ወጣት ሴቶች፣ በወሎ ገበያዎች አልፈው ወደ ታጁራና ምጽዋ ተነድተዋል። ስለ ሲራራ ነጋዴ ድፍረትና ጽናት የሚጽፍ ሰው ይህን ቢዘል ታሪኩን ግማሽ አድርጎ አቀረበ ማለት ነው።

ዳግማዊ ራስ ዓሊ ከውጭ ንግድ ጋር የተገናኙበት አንድ ታሪክ ሲነበብ ፈገግ ያሰኛል። የእንግሊዙ ቆንስል ዋልተር ፕላውደን በጥቅምት 1842 ዓ.ም. የወዳጅነትና የንግድ ውል አስፈረማቸው። ፕላውደን ራሱ እንደመሰከረው፣ ራስ ዓሊ ወረቀቱ ጉዳት እንደሌለው ጥቅሙ ግን እንዳልታያቸው ነግረውታል፤ አገሩ እንዲህ እያለ በዐሥር ዓመት ውስጥ አንድ የእንግሊዝ ነጋዴ እንኳ ይመጣል ብለው አያምኑም ነበር። ሰውየው ገበያቸውን ያውቁ ነበር። ውሉ ከተፈረመ አራት ዓመት ሳይሞላ፣ በሰኔ 1845 ዓ.ም.፣ አይሻል ላይ በደጃዝማች ካሣ ጦር ድል ሆኑ፤ የየጁ ዘመንም አበቃ።

ሁለተኛው ውል ከመርሳ ቅርብ በሆነ ቦታ፣ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ውጫሌ ላይ ተፈረመ። ተማሪ ሁሉ አንቀጽ 17ን በቃሉ ያውቀዋል፤ የዓድዋ ጦርነት ሰበብ ነውና ተገቢ ነው። ከእርሱ ከፍ ብሎ ያለው አንቀጽ 5 ግን ስለ ቅፍለት ነው የሚናገረው፦ ከምጽዋ የሚመጣም ሆነ ወደ ምጽዋ የሚወርድ ጭነት በኢትዮጵያ ግዛት ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ከዋጋው በመቶ 8 ቀረጥ እንዲከፍል ይደነግጋል። በየወንዙ ቀረጥ ሲያስጨንቀው ለኖረ ሲራራ ነጋዴ ከቃላት ክርክር ይልቅ ይህኛው አንቀጽ ሳይጥመው አይቀርም ነበር። ዕድሜ ግን አላገኘም።

ንግዱ ከሸቀጥ ጋር ሃይማኖትንም ተሸክሟል። ጀማ ንጉሥ፣ ገታና በየጁ ያለችው ዳና በ18ኛውና በ19ኛው ክፍለ ዘመን የተስፋፉ የእስልምና ትምህርትና የዚያራ ማዕከሎች ናቸው፤ የታሪክ ምሁሩ ሁሴን አሕመድ ስለ 19ኛው ክፍለ ዘመን ወሎ እስልምና በጻፉት መጽሐፍ በሰፊው ይገኛሉ። የወሎ መንዙማ በድቤ ይታጀባል፤ ድቤው ደግሞ የተወጠረ ቆዳ ነው። ከዚያው መንገድ በስተደቡብ፣ በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም፣ አባ ኢየሱስ ሞዓ እ.ኤ.አ. በ1280 ወይም 1281 ያስጻፉት አራቱ ወንጌል አለ፤ ዘመናቸው ተለይቶ ከሚታወቅ የኢትዮጵያ ብራናዎች እጅግ ቀደምት ከሆኑት አንዱ ነው። ብራናውም ቆዳ ነው። ወሎ ሙስሊምና ክርስቲያን ተዋዶ የሚኖርበት አገር ነው ሲባል ሁልጊዜ ስለ ጋብቻና ስለ ቡና ይነገራል፤ ከአንዱ መንጋ የወጣ ቆዳ ለድቤም ለወንጌልም መዋሉ ግን ትዝ የሚለው የለም።

የቅፍለት ዘመን የተዘጋው በአስፋልት ነው። ጣሊያን በወረራው ዓመታት ከአስመራ በወልድያና በደሴ አድርጎ አዲስ አበባ የሚደርስ መንገድ ሠራ። ዓላማው ጦር ማመላለስ ነበር፤ ከእርሱ ይልቅ የተጠቀመበት ግን የጭነት መኪናው ነው። ትሬንታ ኳትሮ የሚባለው የጭነት መኪና በአንድ ቀን የሚያደርሰውን ጭነት በቅሎ በሳምንት አታደርሰውም። ከመንገዱ የራቁ የድሮ ገበያዎች ቀዘቀዙ፤ መንገዱ የነካቸው ከተሞች ደመቁ። መርሳም ዛሬ እንደምትታየው በዋና መንገዱ ግራና ቀኝ የተዘረጋች ከተማ ሆነች። ወልድያ በደርግ ዘመን ቻይናውያን የሠሩት የወረታ መንገድ ሲጨመርላት ከባሕር ዳርና ከጎንደር ጋር ተገናኘች።

መኪናው ሲመጣ ቆዳው ሁለተኛውን ዘመኑን ጀመረ። ፕላስቲክና ጆንያ ስልቻን ከገበያ አስወጡ፤ ስፖንጅ ፍራሽ ጀንዴን ተካ። በአንጻሩ የውጭ ገበያ ጥሬውን ቆዳ ይፈልገው ነበር። በ20ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አሥርት ዓመታት ከቡና ቀጥሎ ኢትዮጵያ ለዓለም የምትሸጠው ዋና ነገር ቆዳና ሌጦ ነው። ኤደን ተቀምጦ ቀይ ባሕርን በንግድ ያዳረሰው ፈረንሳዊው አንቶናን ቤስ ከሀብቱ ብዙውን ያገኘው ከቡናና ከቆዳ ነበር። ገጣሚው አርተር ራምቦም ግጥም ትቶ ሐረር ሲገባ፣ እ.ኤ.አ. በ1880፣ ለኤደኑ የባርዴ ንግድ ቤት ከሚገዛው አንዱ ቆዳ ነው። በየአውራጃው ከተማ የየመን አረቦች ሱቅ ከፈቱ። ወልድያ ያደጉት ባለሀብቱ ሼህ መሐመድ አል አሙዲ ከየመናዊ አባትና ከኢትዮጵያዊት እናት መወለዳቸው የዚያ ዘመን አሻራ ነው።

ከዚህ ሁሉ ሌጦ በላይ ስም ያተረፈው የወሎ ቆላ ፍየል ነው። በዓለም የቆዳ ገበያ «ባቲ ጀኒዩን» የሚል መጠሪያ አለ። ከባቲና ከአካባቢዋ ቆላ የሚወጣው የፍየል ሌጦ ወፍራም፣ ተለጣጭ፣ ውስጡም ንጹሕ በመሆኑ ለስዌድ ጫማና ጃኬት ተፈላጊ ነው። ስሙን የሰጠችው በሰኞ ገበያዋ የታወቀችው ባቲ ናት። የሀብሩ ምሥራቃዊ ቆላም በዚያው ከተራራው ግርጌ ወደ አፋር በሚወርድ ምድር ላይ ነው፤ ፍየሉም አየሩም ይመሳሰላል። የደጋው በግ ሌጦ ደግሞ ቀጭንና ጠንካራ ስለሆነ ለጓንት ይመረጣል። በእንግሊዝ ዬቪል ከተማ የነበረው ፒታርድስ ኩባንያ ለረጅም ዘመን ከኢትዮጵያ በግ ሌጦ የጎልፍና የቤዝቦል ጓንት ቆዳ ሲያዘጋጅ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2023 ተዘግቷል።

በመካከሉ አገሩ መከራ አይቷል። በ1965 እና 1966 ዓ.ም. ረሀብ የየጁና የራያ ገበሬ ከብቱ አልቆ ወደ ዋናው መንገድ ዳር ወጣ፤ ጆናታን ዲምብልቢ የቀረጸው ፊልም ለዓለም የታየው ያኔ ነው። በድርቅ ጊዜ ከብት ሲያልቅ መጀመሪያ ገበያው በቆዳ ይጥለቀለቃል፣ ዋጋው ይወድቃል፤ ቀጥሎ ለዓመታት የሚሸጥ ቆዳ አይኖርም። ቆዳ የሀብት ብቻ ሳይሆን የችጋርም መለኪያ ነበር። በቅርቡ ጦርነትም ሁለቱ ከተሞች ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በሕወሓት ኃይሎች እጅ ነበሩ፤ ሱቁም መጋዘኑም ብዙ ጎድሎበታል።

ሦስተኛው ዘመን የተጀመረው በመልካም ሐሳብ ነው። መንግሥት ጥሬ ቆዳ ከመሸጥ የተሠራ ጫማ መሸጥ ይሻላል ብሎ በ2000 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 567 ጥሬና በከፊል የለፋ ቆዳ ወደ ውጭ ሲወጣ ከዋጋው 150 በመቶ ቀረጥ ጣለ። በ2004 ዓ.ም. ደግሞ ክረስት የሚባለውን፣ ለማለቅ ጥቂት የቀረውን ቆዳ፣ በቀረጡ ውስጥ አስገባ። ሐሳቡን መቃወም ይከብዳል። በመጀመሪያው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ዘርፉ በዓመት ወደ 500 ሚሊዮን ዶላር ያስገባል ተብሎ ተጠበቀ፤ የተገኘው ግን ከ150 ሚሊዮን አልዘለለም። ፋብሪካዎቹ ኬሚካል የሚገዙበት ምንዛሪ አጡ። የዓለም ጫማ ሠሪም ወደ ሰው ሠራሽ ቆዳ አዘነበለ። ጥሬውን የሚገዛው የአገር ውስጥ ፋብሪካ ብቻ ሲሆን፣ እርሱም ሲቸገር፣ ዋጋው እስከ ገጠሩ ድረስ ወረደ።

ለጥራቱ መውደቅ ገበሬውም እጁ አለበት፣ በሽታውም አለበት። እከክ ከበግና ከፍየል ሌጦ ላይ የሚተወው ጠባሳ ቆዳው ከለፋ በኋላ ነው አፍጥጦ የሚታየው። ቢላዋ የተሰነዘረበት፣ ጨው ሳይነካው ፀሐይ ላይ የዋለ፣ በግርፋትና በእሾህ የተላጠ ሌጦ ደረጃው ይወርዳል። ድሮ ስልቻ የሚያወጣ ሰው አንድ ቀዳዳ እንዳይኖር የሚጠነቀቀው እህሉ እንዳይፈስበት ነበር። አሁን የሚያርደው ሰው ቆዳውን ስለማይጠቀምበት ቢላዋውን እንዳሻው ይነዳል። የዋጋው መውረድ ጥንቃቄውን ገደለ፤ የጥንቃቄው መጥፋት ደግሞ ዋጋውን መልሶ ያወርደዋል።

ስለዚህ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በፋሲካና በአረፋ ማግስት በኢትዮጵያ ከተሞች የሚታየው ነገር አዲስ ነው። «ቆዳ ያለው!» እያለ በየበሩ የሚዞረው ሰው ቀንሷል። ትናንት ለጎረቤት ስጦታ፣ ለልጅ ደብተር መግዣ ይሆን የነበረ ሌጦ ከቆሻሻ ጋር ይጣላል።

መርሳና ወልድያ በሌላ በኩል ወደፊት እየሄዱ ነው። በሀብሩ ያለው የስሪንቃ የግብርና ምርምር ማዕከል ለማሽላና ለጤፍ ገበሬው የተሻሻለ ዘር ያወጣል። የቆቦ ጊራና ሸለቆ ልማት የመስኖ ውሃ አውጥቶ ሽንኩርትና ፍራፍሬ አበራክቷል። የወልድያ ዩኒቨርሲቲ መርሳ ላይ የግብርና ግቢ አለው። ወልድያ በጥር 2009 ዓ.ም. የተመረቀው፣ ከ25 ሺህ በላይ ተመልካች የሚይዘው ስታዲየም አላት። ከአዋሽ ተነሥቶ በኮምቦልቻ በኩል ሐራ ገበያ የሚደርሰው 390 ኪሎ ሜትር ገደማ የባቡር ሐዲድም ለዚሁ አገር የታሰበ ነው። ባቡሩ ሊቆምበት የተመረጠው ቦታ ስሙ ገበያ መሆኑ የመሐንዲሶች ምርጫ አይደለም፤ ደጋና ቆላ የሚገናኙበትን ቦታ ሲራራ ነጋዴው ቀድሞ አግኝቶት ነበር።

የሚያሳዝነው ያ የንግድ ዘመን የተወው ቅርስ በቀላሉ የሚበሰብስ መሆኑ ነው። የላሊበላ ድንጋይ ስምንት መቶ ዓመት ይቆያል፤ ጀንዴ ግን ምስጥ ከገባበት አንድ ክረምት አይዘልቅም። የደሴ ሙዚየም በጦርነቱ ተዘርፏል። በየጁ አዛውንቶች ቤት ማዕዘን ግን እስካሁን የተንጠለጠለ ስልቻ፣ የአያት ለምድ፣ አሞሌ የታሰረበት መጫኛ፣ የነጋድራስ ሚዛን ሊገኝ ይችላል። የቆዳ ማልፋት ሙያውን የሚያውቁ እጆችም ከነሕይወታቸው አሉ፤ ማንም ስላልጠየቃቸው ዝም ብለዋል። የወልድያ ዩኒቨርሲቲና የዞኑ ባህልና ቱሪዝም መምሪያ እነዚህን ዕቃዎች በአንድ ክፍል ቢሰበስቡ፣ የሙያውን ባለቤቶች ድምፅ ቢቀርጹ፣ ወጪው ከአንድ ዐውደ ጥናት አይበልጥም። እስከዚያው በዚህ መንገድ የሚያልፍ አንባቢ መርሳ ላይ ማንጎ ከገዛ በኋላ ግማሽ ሰዓት ይጨምርና አንድ ሽማግሌ ስለ ሲራራ ዘመን ይጠይቅ። የሚነግሩትን ይጻፈው።